ለአቀንጭራ የትኛውን መድኃኒት ልግዛ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ፒያሳ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምሠራው። አገሬ ቆቦ ነው። አባቴ አራት ጥማድ መሬት አላቸው፤ ማሽላ ይዘሩበታል። ከአምስት ስድስት ዓመት ወዲህ አቀንጭራ የሚሉት አረም ገባበት። መጀመሪያ ጥግ ጥጉን ነበር፤ አሁን ማሳው በሙሉ ወይን ጠጅ ሆኗል። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ለአራሚ የሚከፈል ብር እልካለሁ። ይነቀላል፣ በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ዘንድሮ አባቴ ‹አዲስ አበባ መድኃኒት አይጠፋም፤ ፈልገህ ላክልኝ› አሉኝ። ሱቅ ገብቼ ብጠይቅ አንዱ ይኼ ነው ይላል፣ ሌላው ያ ነው ይላል። የትኛውን ልግዛ? ደግሞስ ለምንድነው ተነቅሎ የማያልቀው?»

መጀመሪያ ብርህን ወደ ኪስህ መልስ። ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ምንም አትግዛ።

ጥያቄህን ከላክህ በኋላ አራት ኪሎ መገናኘታችን ጠቀመኝ። ከአገር ቤት በወረቀት ጠቅልለህ ያመጣሃትን ነገር ባላይ ኖሮ መልሴ ደረቅ ይሆን ነበር። ለሌላው አንባቢም ልንገረው። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ ጋ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠናል። ወረቀቱን ፈታኸው። ውስጡ አንድ የደረቀ የአቀንጭራ ራስ አለ። በስኒ ማስቀመጫው ላይ መታ መታ ስታደርገው ጠቆር ያለ ቡናማ ብናኝ ረገፈ። ቡና አፍይዋ አየት አደረገችና «ሱረት ነው እንዴ?» አለች። አልፈረድኩባትም። ሱረት ነው የሚመስለው።

ያ ብናኝ ዘር ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት አንድ ዘር ናት። ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ቢሆን ነው። አንዲት የተመቻት አቀንጭራ ከ50,000 እስከ 200,000 ዘር ታራግፋለች፤ ከዚያ በላይም አለ። እኛ ስናወራ አንድ ሚኒባስ ሽው ብሎ አለፈና ግማሹን ብናኝ ይዞት ሄደ። አንተ ደነገጥክ። አራት ኪሎ ላይ ምንም አያመጣም፤ ብርዱም አይመቸው፣ የሚጠጋበት ማሽላም የለም። ቆቦ ቢሆን ግን አንድ እፍታ ንፋስ የጎረቤትን ማሳ ዘርቶ ይሄድ ነበር።

መልሴ ከዚያ ስኒ ማስቀመጫ ይነሣል። አባትህ የሚዋጉት የሚያዩትን አበባ ነው። ችግሩ ያለው ግን አፈሩ ውስጥ በተከማቸው ዘር ላይ ነው። ማሳው ለእርሳቸው የማሽላ ማሳ ነው፤ ለአቀንጭራ ግን ጎተራ ነው። ያ ዘር አፈር ውስጥ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ነሐሴ ላይ የምታስነቅለው ከጎተራው ጥቂቷን እፍኝ ነው። አንዲት የተረሳች አቀንጭራ ደግሞ መስከረም ላይ ጎተራውን መልሳ ትሞላዋለች። ተነቅሎ የማያልቀው ለዚህ ነው።

ስሙን ልብ ብለኸው ታውቃለህ? ዛሬ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ስለ ልጆች «መቀንጨር» ይነግሩሃል። ልጁ ይበላል፣ ግን አያድግም። አቀንጭራም በማሽላ ላይ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ገበሬው ስሙን ሲያወጣ ማይክሮስኮፕ አልነበረውም፤ የሆነውን ግን በትክክል አይቶታል። እንዲያውም ይህቺ አረም ከማሽላው የምትሰርቀው ምግብና ውሃ ብቻውን ያንን ሁሉ ጉዳት አያመጣም። የማሽላውን የዕድገት ቅመም ታዛባለች። ቁመቱ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ራስ መያዝ ያቅተዋል። ዝናብ በዘነበ በማግስቱ እንኳ ውሃ የጠማው ይመስላል። (ቅንጭ ከሚሉት፣ ነጭ አበባ ካለው ፓርቲኒየም ጋር እንዳታምታታው። እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው።)

አሁን ወደ አፈሩ ውስጥ እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሠኝ፤ መፍትሔው ያለው እዚህ ስለሆነ ነው።

ዘሩ እንደረገፈ ወዲያው አይበቅልም። ወራት ይተኛል። ከዚያ ክረምት ሲገባ አፈሩ ሞቅ ብሎና ርሶ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ይነቃል። ቢነቃም ግን አይበቅልም። ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሽታ ነው ብንል ይቀላል። የማሽላ ሥር ወደ አፈሩ የሚለቃቸው ስትራይጎላክቶን የሚባሉ ቅመሞች አሉ። መጠናቸው ከማነሱ የተነሣ ለመለካትም ያስቸግራሉ። አቀንጭራ ግን ትሰማቸዋለች። የሰማች ዕለት ትበቅላለች። ካልሰማች ደግሞ ተመልሳ ትተኛለች፤ የሚመጣውን ዓመት ትጠብቃለች።

ማሽላው ለምን ጠላቱን ይጠራል? ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ብዙ ዘመን አስቸግሯል። የመጀመሪያው ቅመም ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የተገኘው ደግሞ ከጥጥ ሥር ነው፤ አቀንጭራ ጥጥን አትነካም። ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖ ኖረ። መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለካ ተክሉ የሚጠራው አቀንጭራን አይደለም። አፈር ውስጥ ሥሩ ላይ የሚኖሩ፣ ፎስፈረስ እየለቀሙ የሚያቀብሉት ጥቃቅን ፈንገሶች አሉ፤ እነርሱን ነው የሚጠራው። ማሽላው ወዳጁን ሲጣራ አቀንጭራ ጆሮዋን ጥላ ሰምታ ትመጣለች። ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ማሽላው ጮክ ብሎ ይጣራል። አቀንጭራ የደከመ መሬት የምትወደው በዚህ የተነሣ ነው። አባትህ «መሬቱ ስላረጀ ነው» ሲሉህ እየቀለዱ አይደለም።

ዘሩ ሲበቅል ትንሽ ክር የመሰለ ሥር ያወጣል። ያችን የምታህል ዘር ስንቅ የላትም። በጥቂት ቀናት ውስጥ የማሽላ ሥር ካላገኘች ትሞታለች። መድረስ የምትችለውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ አስምርበት። አቀንጭራ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ እጇን ትሰጣለች፤ ያችም ይህች ናት።

ካገኘች ግን ትለጠፍበታለች። ሥሩን በስታ ገብታ ከውሃ መስመሩ ጋር ትገጥማለች። ከዚያ በኋላ ከአራት እስከ ሰባት ሳምንት መሬት ውስጥ ናት። ነጭ ናት፣ ቅጠል የላትም፣ ማንም አያያትም። ሙሉ በሙሉ የምትኖረው በማሽላው ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰውም ያኔ ነው። ብቅ ስትል አረንጓዴ ቅጠል ታወጣለች፤ ራሷን የቻለች ትመስላለች። እውነቱ ግን ቅጠሏን ከፍታ ውሃውን ያለ ልክ ታተናለች፤ የማሽላውን ውሃ ወደ ራሷ የምትስበውም በዚሁ ነው። ከዚያ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ታብባለች። አበባው ከረገፈ በኋላ ዘሩ ይደርሳል።

ስለዚህ አንተ ነሐሴ ላይ ብር ስትልክ የዘንድሮው ማሽላ ተበልቷል። አራሚው ነቀለው አልነቀለው የዘንድሮን ምርት ብዙም አይለውጠውም። ገበሬ በነቀላ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ለፍቶ ይነቅላል፣ በዚያው ዓመት ለውጥ አያይም፣ በሁለተኛው ዓመት «ምን አለፋኝ» ብሎ ይተወዋል። የነቀላ ጥቅሙ ሦስት አራት ዓመት ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ያውም ጎተራው እንዳይሞላ ከተደረገ።

አባትህ ይህን በወሬ አያምኑህም። እኔም አላምንም ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው ክረምት አገር ቤት ስትገባ አንድ ነገር አድርግልኝ። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ አቀንጭራ ገና ብቅ ሳትል፣ መንምኖ የቆመ አንድ ማሽላ ምረጥ። አትንቀለው፤ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረህ ከነአፈሩ አንሣው። ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከረው። አፈሩ ቀስ ብሎ እስኪለቅ ታገሥ፤ ጎትተህ ካጠብከው ይበጠሳል። ከዚያ ሥሩን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘርጋውና እርሳቸውን ጥራ። ሥሩ ላይ እንደ ጥርስ ነጭ የሆኑ፣ ትንንሽ ቅርፊት የደራረቡ ቡቃያዎች ተለጥፈው ታያላችሁ። አንዳንዴ ከአንድ ማሽላ ሥር ላይ ብዙ ይቆጠራል። እኔ ወጣት ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይህን አይተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ለካ ከሥር ነው የምታልበን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እሺ፣ መድኃኒቱስ? ሱቅ ውስጥ የነገሩህ ሁለት ነገር እንደሚሆን እገምታለሁ። አንደኛው ቱፎርዲ ነው። ገበሬው በጤፍና በስንዴ ላይ ስለሚረጨው ያውቀዋል። ቅጠለ ሰፋፊ አረም ይገድላል፣ ማሽላን በልኩ ከተጠቀሙበት ብዙም አይጎዳም። ብቅ ያለች አቀንጭራን ይገድላታል። ይህ እውነት ነው። ግን ብቅ ካለች በኋላ ነው! መሬት ውስጥ ያለችውን አይነካትም። ከመንቀል የሚለየው ድካም መቀነሱ ነው። ዘር ከመያዟ በፊት ከደረሰባት ጎተራውን ያድናል። ያ ጥቅም ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በማሽላው መካከል ማሾ ወይም ቦሎቄ ከተዘራ እርሱንም ያቃጥለዋል። ጎረቤት ጥጥ ካለው ደግሞ ንፋስ ይዞት ሄዶ ጠብ ያመጣል። እኔ ላንተ ቦታ አልመርጠውም።

ሁለተኛው ግላይፎሴት ነው። እርሱ ማሽላውንም ይገድለዋል። በቆመ ማሽላ ላይ «ለአቀንጭራ» ብሎ የሸጠልህ ሰው ካለ ወይ አያውቅም፣ ወይ ብርህን ፈልጓል። ቅር አይበለው።

ዘሩን አፈር ውስጥ እንዳለ የሚገድል ነገር በዓለም ላይ የለም ወይ ብትለኝ አለ። አሜሪካ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 የአቀንጭራ ዘመድ በበቆሎ ማሳ ላይ ተገኘች። መንግሥት ዘመተባት። ማንኛውም ማሳ ላይ ከታየች ቦታውን ይዘጋሉ፣ ኢቲሊን የሚባለውን ጋዝ በማሽን አፈር ውስጥ ይነፋሉ። ጋዙ ዘሩን ያታልለዋል፤ ማሽላ የመጣ መስሎት ይበቅላል፣ ሥር ያጣል፣ ይሞታል። ሠርቷል። ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ገንዘብና ክትትል ፈጅቷል። ቆቦ ላይ ያንን ማን ያደርገዋል? ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን። ማታለል!

የሚያታልሉ ሰብሎች አሉ። ጥጥ ቅድም ነግሬሃለሁ። አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥም አሉ፤ ጥሪያቸው ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ሥራቸው አቀንጭራን ይጠራል፤ ስትመጣ ግን በሩን አይከፍትላትም። በቅላ ሥር ፈልጋ በረኃብ ትሞታለች። ያችን አንዲት እጅ የምትሰጥበትን ቀን የምናገኛት በዚህ ነው። ማሽላ ሳትዘራ መሬቱን ጾም ብታሳድረው ዘሩ ተኝቶ ይጠብቅሃል፤ እነዚህን ብትዘራ ግን ጎተራው ይጎድላል። በአንድ ክረምት አያልቅም። ሁለት ሦስት ክረምት ይፈልጋል። ማሾም በእናንተ አካባቢ ገበያው ጥሩ ነው፣ አቀንጭራም አትነካውም፤ ቢያንስ በዚያ ዓመት ማሳው ላይ አዲስ ዘር አይራገፍም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። «ማሽላ ከለቀቅን ጤፍ እንዝራ» ይላሉ። ጤፍ የሣር ወገን ነው። በቆሎም፣ ዳጉሳም እንደዚያው። አቀንጭራ ሁሉንም ታጠቃለች፤ ጤፍ ላይ እንደ ማሽላው ባትበረታም ታድራለች። እንግዳ የሚያሳድር ቤት ቀይረህ ሌላ የሚያሳድር ቤት ሰጠሃት ማለት ነው።

ስለ ዘር ላውራህ። አባትህ ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉትን የማሽላ ዓይነቶች ይዘራሉ ብለኸኛል። ሚያዝያ ላይ የሚዘሩ፣ ረጅም ናቸው። አቀንጭራ ግን ትወዳቸዋለች። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አለ፤ ታሪኩም የእኛው ሰው ታሪክ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወሎንኮሚ የተወለዱ ናቸው። ያኔ አለማያ ይባል በነበረው ኮሌጅ ተምረው ወደ አሜሪካ ሄዱ። ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ። ሥሩ በዝግታ የሚጣራ ማሽላ የለም ወይ? አለ። ጥሪው ዝቅ ያለውን ማሽላ መርጠው አዳቀሉት። በዚህና በድርቅ መቋቋም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ።

ከዚያ የወጡ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ወደ እኛም ገበሬ መጡ። ጎቢዬና አብሽር ይባላሉ። በኋላ ብርሃን የሚባል ተጨመረ። ጎቢዬ የሰፈራችሁ ስም ነው። አብሽር ደግሞ «አይዞህ» ማለት እንደሆነ ላንተ ለወሎዬው መንገር የለብኝም። ከአንድ ተመራማሪ ወዳጄ ጋር ስንቀልድ «ዘሩ ገበሬውን አይዞህ ይለዋል፣ ገበሬው ግን ዘሩን አይዞህ አይለውም» እንላለን። ለምን መሰለህ? አጭር ነው። ፈጥኖ ይደርሳል፤ ዝናብ ለሚያጥረው አገር ይህ በረከት ነው። ግን አገዳው አጭር ነው። አባትህ ማሽላ የሚዘሩት ለእንጀራ ብቻ አይደለም። አገዳው የበሬ ቀለብ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ፈጥኖ ስለሚደርስም ወፍ ከአካባቢው ሁሉ እርሱ ላይ ይሰፍራል። እኛ ባለሙያዎች ይህን ሳንሰማ «ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም» ስንል ኖረናል። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ስለዚህ ሁሉንም ጥማድ በአብሽር ይዝሩ አልልህም። በጣም የተጠቃውን ይዝሩበት። ዘሩን ስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቅ፤ ለእናንተ ቅርብ ነው። የቀበሌው የልማት ሠራተኛም ያገናኝሃል። ብቻውን ተአምር እንዳይጠብቁ ንገራቸው። ጥቂት አቀንጭራ ይበቅልበታል። ያቺን ጥቂት መንቀል ግን ይቻላል፤ ልዩነቱ ይኼ ነው።

መሬቱን ማብላት ደግሞ ግድ ነው። ዩሪያ ይረዳል፣ ዋጋውን ግን አንተም ታውቀዋለህ። የተብላላ ፍግ ካለ ይመረጣል። «የተብላላ» ያልኩት በምክንያት ነው። አቀንጭራ የበላች ላም ዘሩን ሳትፈጨው በእበቷ ታወጣዋለች። ጥሬ እበት ማሳ ላይ መበተን አቀንጭራ መዝራት ሊሆን ይችላል። ሽልሻሎውን ሲያደርጉም፣ ማለትም በቆመው ማሽላ መካከል በበሬ ሲያርሱ፣ ቦዩን እዚህም እዚያም በአፈር ቋጠር ቋጠር ያድርጉት፤ ውሃው እዚያው ይቀራል። ውሃና ምግብ ያገኘ ማሽላ ብትለጠፍበት እንኳ ይችላታል።

ኬንያ ውስጥ በማሽላና በበቆሎ መካከል ዴስሞዲየም የሚባል የከብት መኖ ይዘራሉ። ሥሩ አቀንጭራን ያታልላል፣ የበቀለችውንም ያመክናል፤ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትልም ያርቃል። በጣም የምወደው ዘዴ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዓመት ማሳው ላይ የሚቆይ ተክል ነው። ሰብል ከተነሣ በኋላ የሰፈሩ ከብት ሁሉ በሚለቀቅበት ማሳ ላይ አያድርም። አጥር ካላችሁ እናወራለን።

አሁን ስለ ነቀላው፤ ብርህ የሚሄደው እዚያ ስለሆነ። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሙከራ ማሳ ላይ አቀንጭራ በደቦ አስነቀልን። ያበበውም ያላበበውም አንድ ላይ ነው። ነቅለን ድንበሩ ላይ ከመርነው፤ ፀሐይ ያደርቀዋል ብዬ። ኮራሁ። ፎቶም ተነሣን። በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ደህና ነበር፤ ድንበሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ወይን ጠጅ ምንጣፍ ሆነ። በጎርፍ ደግሞ ወደ ታችኛው ሰውዬ ማሳ ወረደ። ሰውዬው እስካሁን ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ነኝ የማፍረው።

ስለዚህ፦ አራሚው የሚገባው አበባ ከመታየቱ በፊት ነው። አንዴ ገብቶ አይበቃም፤ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ አዲስ ትወጣለች። ካበበች ነቅሎ ጆንያ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ማቃጠል ነው። ለከብት አይሰጥም፣ ድንበር ላይ አይጣልም። ማንም የማያስበው ደግሞ ይህ ነው፦ ማሽላው ታጭዶ ከተነሣ በኋላ ገለባው መካከል አረንጓዴ አቀንጭራ ይቀራል። ገበሬው ሥራ ጨርሷል፤ እርሷ አልጨረሰችም። እርጥበት እስካለ ድረስ ማበቧንና ዘር መያዟን ትቀጥላለች። ከአጨዳ በኋላ አንድ ቀን ለእርሷ ስጡ። ነሐሴ ላይ ከሚላከው ብር ግማሹ ወደዚያ ቀን ቢሄድ አይቆጨኝም።

አንድ ነገር ከዚሁ ከአዲስ አበባ ልጨምር። ባለፈው ክረምት «ዘር አልቆባቸው ከእህል በረንዳ ማሽላ ገዝቼ ላክሁ» ብለኸኛል። ልብህ መልካም ነው። ግን መርካቶ የሚደርሰው ማሽላ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው አውድማ እንደተወቃ አይታወቅም። መሬት ላይ የተወቃ ማሽላ የአቀንጭራ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያቺ ሱረት በማሽላ መካከል ለዓይን አትታይም። ለመብላት ምንም አይደለም። ለዘር ግን አትላክ። ባዶ ማዳበሪያም እንዲሁ፤ ጆንያውን ማለቴ ነው። አራግፈህ፣ ቢቻል አጥበህ ላክ። ለዘር የሚሆነውን አባትህ ከንጹሕ ማሳ፣ ራሱን በእጅ ቆርጠው፣ ምንጣፍ ላይ ይውቁት።

ብሩን እንዴት ላድርገው ካልከኝ፣ መድኃኒት የምትገዛበትን መጀመሪያ ለሰሊጥና ለማሾ ዘር፣ በኋላም ለተቋቋሚው ማሽላ ዘር አውለው። የቀረው ለአራሚ ነው፤ ግን ጊዜውን ቀይር። አሁን ታኅሣሥ ነው። ሚያዝያ ከመድረሱ በፊት ዘሩ አባትህ እጅ ካልገባ የደጋሊት ጊዜ ይመጣና እርሱ ይዘራል፤ ሌላ አንድ ዓመት ይሄዳል።

ስንለያይ «አባቴን ማሽላ ተዉ ብላቸው ያባርሩኛል» አልከኝ። አውቃለሁ። ተዉ አትበላቸው። ሦስቱን ጥማድ እንደ ልማዳቸው ይዝሩ። አንዷን ጥማድ ብቻ ለምናቸው፣ ለሦስት ዓመት። የመጀመሪያውን ዓመት ሰሊጥ፣ ሁለተኛውን ማሾ፣ ሦስተኛውን አብሽር። የቱን ይስጡህ? ሩቅ ያለችውን፣ ማንም የማያያትን ሊሰጡህ ይፈልጉ ይሆናል። እሺ አትበል። ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችውን ጠይቅ። ጎርፉ ከላይኛው ጎረቤት ማሳ ዘር እያመጣ እስካለ ድረስ አባትህ ብቻቸውን አይችሉትም። ስለዚህ ያ ጎረቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ገበያ ሲያልፍ ሊያያት ይገባል።